ሰኞ የሌላቸው ሰዎች

ዓለም በኑክሌር ቦምብ ነደደች አሉ። የተረፉት ሰማይ ላይ በተንጠለጠለ የብረት ቤት ውስጥ 97 ዓመት ኖሩ። በኋላ እንደ ምንም ብለው ምድር ወረዱ። ወርደው የመጀመሪያ ሥራቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከጎረቤት መጣላት! ይህን ነው እንግዲህ የልጅ ልጆቼ «አባባ፣ ዝም ብለው ይዩ፤ ይማሩበታል» የሚሉኝ። ምኑን ነው የምማረው? ለጠብ ለጠቡማ ሰማይ ድረስ ምን ያስኬዳል? እዚሁ ከሚሴ መናኸሪያ ትርፍ ሲጫን ቆሞ ማየት ይበቃ ነበር።

ፊልሙ «ዘ ሃንድረድ» ይባላል። እኔ «መቶዎቹ» ነው የምላቸው። አሜሪካኖቹ ሲደብሊው በሚሉት ጣቢያቸው በፈረንጅ ከ2014 እስከ 2020 ሲያሳዩት ከርመው ሰባተኛው ሲዝን፣ 100ኛው ክፍል ላይ አበቁት። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን በጣቢያ አይደለም፤ በፍላሽ ነው። ኢንተርኔት ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ የሰፈሩ ወጣት ከእጅ እጅ ሲቀባበለው አንዱ ፍላሽ ዞሮ ዞሮ እኔ ሳሎን ገባ። ከገባ ወዲህ አልወጣም። ተከራይ ቢሆን ኖሮ ኪራይ እጠይቀው ነበር።

እኔ ፊልም አላይም። ይህ ይታወቅልኝ። ቤቱ ቤቴ ስለሆነ፣ ወንበሬም ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ስለተቀመጠ፣ አልፎ አልፎ ዐይኔ ላይ ይወድቃል እንጂ። አንዱ ክፍል 42 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ መቶው ሲደመር 70 ሰዓት ይሆናል። 70 ሰዓት! በ70 ሰዓት ስንት የድንበር ክርክር፣ ስንት የተኳረፈ ባልና ሚስት፣ ስንት የጠፋ ግመል ይዳኝ ነበር!

ስለ ቤቴ ትንሽ ልናገርና ወደ አቤቱታዬ ልግባ። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሃረዋ፣ ሁሉም ወደ እሷ ያያሉ። የአዲስ አበባና የደሴ አውራ ጎዳና መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዞኑ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ነበረው፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ እኔ ቤት የሚያድር ይመስለኛል። የልጅ ልጆቼ በኦሮምኛ ይማራሉ፣ በአማርኛ ይጣላሉ፣ በሁለቱም ይርባቸዋል። የልጄ ባል የማጀቴ ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. በነበረው ችግር ቤቷን ጥላ የመጣች የእህቴ ልጅ ከነልጆቿ ጓዳውን ይዛለች። ሰርቪሱን የተከራየው አስተማሪ ከዋድላ ነው፤ ቆላው ሞቀኝ እያለ ሲያማርር ዓመት አለፈው። በበጋ ደግሞ ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ የሚወጣ የአፋር ወዳጄ ለገበያ ሲመጣ በረንዳዬ ላይ ያድራል። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ሪሞት ነው ያለው።

አርሴናል አለ፣ ማንቸስተር አለ፣ የቱርክ ድራማ አለ፣ ዜና ካላየሁ የሚል አስተማሪ አለ፣ መንዙማ ካልሰማሁ የምትል ባለቤት አለችኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሪሞቱ የት የት እንዳልተደበቀ! አንዴ ከሌማት፣ አንዴ ከመስገጃ ሥር ተገኝቷል። በኋላ የውሃ አባት መስኖውን ማሳ ለማሳ እንደሚያዞረው እኔም ተራ አወጣሁ። ሁሉም ተራውን ይዞ ሰላም ሆነ። ያለ ቦምብ፣ ያለ ጎራዴ፣ ያለ ሰባት ሲዝን። ይህን ያየ አንድ ፈረንጅ ፊልም ሊሠራብኝ ይገባ ነበር፤ ግን ማን ያያል?

አሁን ወደ መቶዎቹ። ሰማይ ላይ ያሉት አዋቂዎች አየሩ አልበቃ አላቸው። እናም «ምድር ሰው ታኖር እንደሆነ እንይ» ብለው ያሰሯቸውን መቶ ልጆች ለሙከራ ላኩ። አጃኢብ ነው! ቦርከና ሲሞላ ጥልቀቱን የሚለካው አዋቂው ነው፤ ዱላውን ይዞ ከፊት ይገባል፣ ልጅ ከኋላ ይከተለዋል። እነሱ ልጁን ከፊት ሰደው አዋቂው ዱላውን ይዞ ቀረ። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ለማወቅ 70 ሰዓት አያስፈልግም፤ እኔ በሦስተኛው ደቂቃ ተናግሬ ነበር፤ ማንም አልሰማኝም፤ ጭራሽ «ሽሽ!» ተባልኩ።

ምድሪቱ ባዶ አልነበረችም። ከእሳቱ የተረፉ አሥራ ሁለት ነገዶች ይኖሩባታል። ልጆቹ «በሕይወት አለን» ለማለት ወደ ሰማይ ርችት ተኮሱ፤ ርችቱ ወርዶ የነገዶቹን መንደር አቃጠለ። ያቃጠሉት ልጆች ማቃጠላቸውን አያውቁም፤ የተቃጠለባቸው ደግሞ ሳያውቁ መሆኑን አያውቁም። በዚህ ምክንያት ጦርነት። የአፋሩ ወዳጄ የቡና ሲኒውን አስቀምጦ «እነዚህ ሰዎች ዳጉ አይጠያየቁም እንዴ?» አለ። እውነቱን ነው። አፋር በበረሃ ከሰው ጋር ሲገናኝ ቸኩሎ አያልፍም። ይቀመጣል፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን ማንን እንደነካ፣ የማን ከብት እንደጠፋ ይጠይቃል፣ ይነግራል። ያየኸውን ሳትናገር ማለፍ ነውር ነው። ያች ርችት ደዌ ሃረዋ ላይ ወድቃ ቢሆን ፀሐይ ሳትጠልቅ ማን እንደተኮሳት፣ ለምን እንደተኮሳት፣ አባቱ ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። አንድ ሙሉ ሲዝን ይተርፍ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ድልድይ ላይ እንገናኝ ተባባሉ። መሣሪያ ሳይያዝ! የሰማዮቹ ጥሻ ውስጥ ጠመንጃ ደበቁ፣ የምድሮቹ ዛፍ ላይ ቀስተኛ ሰቀሉ። ሁለት ወጣት ሴቶች መሐል ድልድይ ላይ ተፋጠጡ፤ ቃል ሳይጨርሱ ተኩስ ተነሳ። ሳሎኑ ሁሉ «ከዳቸው! ከዳቻት!» እያለ ሲጮኽ እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌው የታለ? ሦስተኛ ሰው የሌለበት ቀጠሮ እርቅ አይደለም፣ መደባበቅ ነው።

በኛ አገር አበጋር የሚባል አስታራቂ ሽማግሌ አለ። አበጋርነት ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይቀመጥበታል። ጠበኞቹ ፊት ለፊት አይፋጠጡም፤ ዛፍ ሥር እዚያና እዚህ ይቀመጣሉ፣ ሽማግሌው መሐል ነው። በዱዓ ይጀመራል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። የሚያቋርጥ ካለ እኔ አለሁ። ነገሩ ካልቀለለ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ካልቀለለ ሌላ ቀጠሮ። ወጣቶቹ «አባባ፣ የናንተ እርቅ ይረዝማል» ይሉኛል። አዎ ይረዝማል! እንዲረዝም እኮ ነው! ሰው የሚቀዘቅዘው በጊዜ ነው። በ42 ደቂቃ የሚያልቅ እርቅ ፊልም ላይ ነው ያለው፤ እሱም በሚቀጥለው ክፍል ይፈርሳል።

ደም ሲመጣማ ጭራሽ ጨዋታው አይገባቸውም። ፊን የሚባል ልጅ አብዶ 18 የመንደር ሰው ፈጀ። የነገዶቹ አለቃ ሌክሳ «ደም በደም እንጂ ሌላ ክፍያ የለም» አለች። ክላርክ የምትባለው የሰማዮቹ ልጅ ደግሞ እንዳይሠቃይ ብላ የምትወደውን ፊንን በገዛ እጇ በጩቤ ገደለችው። ባለቤቴ አለቀሰች፤ የእህቴ ልጅ አለቀሰች፤ የአርሴናሉ ደጋፊ እንኳ አለቀሰ፤ እሱ ግን ልምድ አለው። እኔ አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። ጉማ የሚባለውን የደም ካሳ አያውቁም?! ጉማ ከገዳዩ ብቻ አይወጣም፤ ከዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። አጎት ጊደር ያወጣል፣ የአጎት ልጅ ፍየል ያወጣል። አንዴ ከከፈሉ በኋላ ልጁ ሁለተኛ ጠመንጃ ሲያነሳ ማን እጁን የሚይዘው ይመስላችኋል? ፖሊስ? አጎቱ ነው! ለጊደሩ ሲል! አፋሮቹም ማድኣ የሚባል የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የጉዳቱ ዓይነት፣ የካሳው ልክ በአዋቂዎች አፍ የተሰፈረ ነው። እነዚህ የፊልም ነገዶች ግን አንድ ሰው ሞተ፣ ሌላ ሰው ሞተ፣ ተቆራረጡ። ማንም ጊደር አልጎደለበትም። ጊደር ያልጎደለበት ሰው ከጠብ ምን ይማራል?

አሁን ሳሎኔ ሁሉ ወደሚወደው ክፍል እንምጣ። በአራተኛው ሲዝን ሁለተኛ እሳት ሊመጣ ሆነ። መሸሸጊያ የሚሆን አንድ የምድር ቤት ተገኘ፤ 1,200 ሰው ይይዛል። ከየነገዱ አንድ ተዋጊ ወጥቶ ይጋደል፣ ያሸነፈው ነገድ ይውሰደው ተባለ። ኦክታቪያ የምትባል ቀጫጫ ልጅ አሸነፈችና «ለሁላችንም ይሁን፤ ከየነገዱ መቶ መቶ ሰው ይግባ» አለች። አስተማሪው ተነስቶ አጨበጨበ። «አብሮ መኖር ማለት ይኼ ነው!» አለ። የልጄ ባል ትከሻውን መታው። ሪሞቱ እንኳ ለጊዜው ባለቤት አጣ።

እኔ ግን እላለሁ፦ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ልጅቷ በሩን ከዘጋች በኋላ ምን አለች? ከእንግዲህ ነገድ የለም፣ አንድ ሕዝብ ነን፤ አንድ ያልሆነ ጠላት ነው። ያጠፋ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ እየተጋደለ ይቀጣል። እህሉን በሽታ መታው፤ ጊዜው ከፋና እርስ በርስ፣ አስተግፊሩላህ፣ የሰው ሥጋ አስበላቻቸው። እንቢ ያለውን በሽጉጥ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ይህ ነው የሚጨበጨብለት አብሮነት?

ሰኞ ገበያ የሚቆምባት ባቲ ማንንም «አንድ ሁን» ብላ አታውቅም። አፋሩ ጊሌ ጩቤውን ታጥቆ፣ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ፣ ቅቤና ጨው ይዞ ከቆላ ይመጣል። ደገኛው ጤፍና በርበሬ ጭኖ ይወርዳል። ኦሮሞው መሐል ነው፤ ለሁለቱም አስተርጓሚ፣ ለሁለቱም ደላላ፣ ለሁለቱም አማች። በዚያን ዕለት ማንም ማንነቱን አይለውጥም። ማንም መሐላ አይምልም፣ መዝሙር አይዘምርም፣ ቲሸርት አይለብስም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ጣሳህን በትክክል ስፈር። ሲመሽ አፋሩ አፋር ሆኖ፣ አማራው አማራ ሆኖ፣ ኦሮሞው ኦሮሞ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። የሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ እንደገና። እሁድ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ላይ እንዲሁ ነው፤ እዚያማ አርጎባውም ይጨመራል። አርጎባዎቹ ሾንኬን ያህል መንደር ተራራ አናት ላይ በድንጋይ ገንብተው ለዘመናት ኖረዋል፤ መሸሸጊያ ቤት ከተባለ እሱ መሸሸጊያ ነው፤ ግን በገበያ ቀን ቁልቁል ይወርዳሉ። በሩን ቆልፎ ስድስት ዓመት የተቀመጠ የለም።

ይህ ነው የፊልሙ ጉድለት። መቶውን ክፍል ሙሉ አንድ ትክክለኛ የገበያ ቀን የላቸውም። ሰኞ የላቸውም! ዛሬ የወጋኸውን ሰው የሚቀጥለው ሳምንት በርበሬ ልትገዛው የማትሄድ ከሆነ ለምን አትወጋውም? እኛን ጨዋ ያደረገን ደግነት እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ሐምሳ ጊዜ መናገር የሚያምረኝን ነገር ውጬ ያደርኩት ሰኞ ስላለ ነው። ሰውየው እዚያው ቦታ፣ እዚያው ዛፍ ሥር ፍየሉን ይዞ ይጠብቀኛል። ዐይኑን ማየት አለብኝ።

ሌላም የላቸውም። ቅሬ የላቸውም። ስንት ሰው ሲሞት አየን፤ ማን ድንኳን ተከለ? ማን ንፍሮ ቀቀለ? በወሎ ቅሬ ሲጠራ የሟቹ ሃይማኖት አይጠየቅም፤ ዶማ የሚይዘው ይይዛል፣ ውሃ የሚቀዳው ይቀዳል። ያልመጣ ይቀጣል። ያልመጣበት ምክንያት «ፊልም እያየሁ ነበር» ከሆነ ደግሞ እጥፍ ይቀጣል፤ ይህን አንቀጽ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ቡናም የላቸውም። አቦል ሳይቀርብ የጦር ስምምነት ይፈራረማሉ፤ በረካ ላይ ሳይደርሱ ይከዳዳሉ። ዘፈናቸውንም እንተወው። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱን፣ ባቲንና አምባሰልን፣ የሰጠ አገር ልጅ ያንን ጩኸት «ሳውንድትራክ» ሲልልኝ ጆሮዬን ያመኛል።

«ያው አባባ፣ የነሱ ዓለም ስለጠፋ ነው እኮ፤ የናንተ አልጠፋም» አለችኝ ትንሿ የልጅ ልጄ። ዓለም አልጠፋብንም? የ66ቱን ረሃብ ማን አየው? የ77ቱን ማን አየው? በ77 ባቲ ገበያ አልነበረችም፤ መጠለያ ነበረች። አፋሩ ከብቱ አልቆ፣ ደገኛው በሬውን በልቶ፣ ኦሮሞው ዘሩን ጨርሶ፣ ሁሉም እዚያ ሜዳ ላይ በአንድ ሰልፍ ቆመ። ጠዋት ጠዋት የሚነሳው አስከሬን የማን ወገን እንደሆነ የሚጠይቅ አቅም አልነበረም። እኛ ጥፋትን በፍላሽ አልተቀበልናትም። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሲመለስ ማንም «አዲስ ሕዝብ እንሁን» ብሎ አላወጀም። አንዱ የተረፈችውን አንድ ፍየል ይዞ ሰኞ ባቲ ወጣ፤ ሌላው የተረፈችውን አንድ ቁና ይዞ መጣ። ተስማሙ። ያች ሰኞ ናት አገሪቱን መልሳ ያቆመቻት።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። በአምስተኛው ሲዝን ምድር ሁሉ ተቃጥላ አንድ አረንጓዴ ሸለቆ ብቻ ቀረች። ከሰማይ የመጡ ሌሎች ወንጀለኞች ቀድመው ሰፈሩባት። ኦክታቪያ ሕዝቧ ዘመቻውን እንቢ እንዳይል የራሷን እርሻ አቃጠለችና ወደ ሸለቆዋ ነዳቻቸው። ተፋጁ። መሸነፉን ያወቀው የወንጀለኞቹ አለቃ «ለኔ ካልሆነች ለማንም አትሁን» ብሎ ሸለቆዋን በቦምብ አጠፋት። የተረፉት ምን አደረጉ? መርከባቸው ውስጥ ገብተው በበረዶ 125 ዓመት ተኙ፤ ሲነቁ ሌላ ዓለም ላይ ወረዱ! ሱብሃነላህ! ለእርቅ አንድ ቀን ከመቀመጥ 125 ዓመት መተኛት ቀለላቸው!

ያችን ሸለቆ ሳይ የአፋሩ ወዳጄና እኔ ተያየን። ጨፋን ነው ያየነው። ቦርከና ከደሴ በኩል ተነስቶ፣ ኮምቦልቻንና ሐርቡን አልፎ፣ ጨፋ ላይ ሲደርስ ይንጣለላል። ዙሪያው ሁሉ በበጋ ሲነድ ረግረጉ አረንጓዴ ነው። አፋሩም፣ አርጎባውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ከብቱን ይዞ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። የጥንቱ ሥርዓት ቀላል ነበር፤ ማሽላው እስኪታጨድ እንግዳው ረግረጉ ላይ ይቆያል፣ ከታጨደ በኋላ አገዳው ውስጥ ይገባል፣ ከብቱ ይበላል፣ ፋንድያው ለማሳው ይቀራል። ሁለቱም ይጠቀማሉ። አሁን ግን ረግረጉ በየዓመቱ ይታረሳል፤ የውሃ ፓምፕ ተተክሎ ሽንኩርት ይለማበታል። ከላይ ከፋብሪካ የሚለቀቀው ቆሻሻ ከወንዙ ጋር ይወርዳል። እንግዳው እንደ ልማዱ ሲመጣ ሣር ይበቅልበት በነበረው ቦታ ሽንኩርት ይጠብቀዋል፤ ግመል ደግሞ ሽንኩርትና ሣር ለይቶ አይበላም። ገበሬውም ብድር አለበት፣ እንግዳውም ጥጃ አለበት። እዚህ ጠብ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ያነሰ ሸለቆ ነው ያለው። ጎራዴ ይዛ የምትመጣ ልጅ ይህን አታሰፋውም። የሚያስፈልገው እስከየት ይታረስ፣ ከብት በየት ይለፍ፣ ውሃው በማን ተራ ይሁን ብሎ የሚቀመጥ አሰልቺ ሽማግሌ ነው። እኔን የመሰለ።

ይህን ስል ትልቁ የልጅ ልጄ ፊልሙን ፖዝ አደረገው። «አባባ፣» አለ፣ «አጣዬ ስትቃጠል አበጋሩ የት ነበር?»

ሳሎኑ ዝም አለ። የእህቴ ልጅ ጀበናውን ይዛ ቆመች። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ በጎረቤታችን በአጣዬ ከተማ የሆነውን ከዚህ ቤት የማያውቅ የለም፤ ከሁለቱም ወገን ለቅሶ የደረስንበት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ በከሚሴ በኩል መጣ። ልጁ የጠየቀው ፊልም ሲያይ ያገኘውን ጥያቄ አይደለም።

እኔም የምለውን አልኩ። አበጋር የሚያዘው ሰኞ ያለውን ሰው ነው። የአጣዬ ሰውና የሰንበቴ ሰው እሁድ ይገናኛል፤ አንዱ የሌላውን አባት በስም ያውቃል፣ ተጋብቷል፣ ተበዳድሯል። እነዚህ ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ ይደርስባቸዋል። ግን ጥይት ይዞ በመኪና መጥቶ በመኪና የሚሄደው እሁድ የለውም። በስልኩ ውስጥ ሆኖ የማያውቀውን መንደር «በለው!» የሚለው፣ ከባሕር ማዶ ላይቭ ገብቶ እሳት የሚያቀብለው ሰው ሰንበቴ ገበያ ወጥቶ ዐይን አያይም። የሱ ጊደር አይጎድልም። ሽማግሌ እንዲህ ያለውን ሰው በምን ያስረዋል? ዛፉ ሥር ና ቢለው ዛፉ የት እንዳለ አያውቅ!

«እሺ፣ ከዚያስ በኋላ?» አለኝ። ከዚያ በኋላማ ከኛ ዞንም ከአጣዬ በኩልም ሽማግሌ ተቀመጠ። ግን እንዴት? አዳራሽ ውስጥ! ባነር ተሰቅሎ! ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ተደርድሮ! ንግግር የሚያደርገው ባለሥልጣን ሁለት ሰዓት ወስዶ ሽማግሌው «በአጭሩ» ተባለ። የምን አጭር ነው? እኔን በአጭሩ የሚል ሰው እርቅ ሳይሆን ሪፖርት ነው የፈለገው። አበል ተፈርሞ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ተበተነ። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ግራ ቀኝ ዞሬ ብመለከት ከአዳራሹ ውስጥ ከሐምሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ማይክራፎን የሚያዞረው ልጅ ብቻ ነው። ጠመንጃ የሚያነሳው ወጣት፣ ፖስት የሚያደርገው ወጣት፣ የታረቅነው እኛ ጉልበታችን የሚያመን! ወጣቱ የት ነበር? መቶዎቹን እያየ!

ስለዚህ ፍርዴን ሰጠሁ። በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ያየ ሁሉ አንድ ሰዓት ዛፉ ሥር ይቀመጣል። አስተማሪው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ለዜናው ያለውን ጉጉት እዚያ ይወጣው። የማጀቴው አማቻችን ከወዲያ በኩል ያለውን ዘመዱን ስልክ ደውሎ ይጠራል። አርሴናሉ ወንበር ይሸከማል፤ መታገስን ያውቃል። ትንሿ የልጅ ልጄ ከአያቷ ጋር ከሴት ሽማግሌዎቹ፣ ከዱበርቲዎቹ ዘንድ ትቀመጣለች፤ ወንዱ ሽማግሌ የዘጋውን ነገር ስንት ጊዜ ዱበርቲ ከፍታዋለች፤ ክላርክና ሌክሳ አንድ ዱበርቲ ቢኖራቸው ኖሮ ነገሩ በሁለተኛው ሲዝን ያልቅ ነበር። ትልቁ ልጅ ደግሞ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ አጠያየቁን ብቻ ትንሽ ማለዘብ አለበት። ድንበር ሲከለል የት ድንጋይ እንደተቀበረ፣ የማን አያት ከማን ጋር በምን ቃል እንደተለያየ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እሱ ከፍላሽ ላይ አያገኘውም። እኔ ስሄድ የሚቀመጥበት ሰው ከሌለ ያ ወንበር ምን ሊሆን ነው? ጫት ማራገፊያ?

ተቃውሞ ተነሳ። 70 ሰዓት ካየን 70 ሰዓት ልንቀመጥ ነው ወይ? ቅጣቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራል ወይ? ሁለት ክፍል በአንድ ሰዓት ይሁንልን! አርሴናሉ «የወንበሩ ጉዳይ ክብር ይነካል» አለ። እኔ ፍርድ ተሰጥቷል አልኩ። እነሱ ደግሞ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላኩብኝ! በገዛ ቤቴ! የአፋሩን ወዳጄንና የገዛ ባለቤቴን! ሁለቱ ሳሎን መሐል ተቀመጡና እኔን እዚያ፣ ልጆቹን እዚህ አደረጉን። ወዳጄ በዱዓ ጀመረ። ባለቤቴ እኔ ስናገር ልጆቹን ዝም አሰኘች፤ ልጆቹ ሲናገሩ ደግሞ እኔን፣ አዎ እኔን፣ «አያቋርጡ» አለችኝ። ትልቁ ልጅ ሳይጮኽ፣ ቃል በቃል፣ ነጥብ በነጥብ አስረዳ። የት እንደተማረው እንጃ። ሦስተኛው ቡና ሲወርድ ነገሩ አልቀለለም፤ ወዳጄም ጊሌውን አስተካክሎ ተነሳና ቀጠሮ ሰጠን፤ ለሰኞ።